የሯጭና የአባት ሕይወት በአንድ ጥራዝ፦ ስለ አንድ የመታሰቢያ መጽሐፍ አገልግሎት የቀረበ ግምገማ

ስፖርተኛ የነበረ ሰው ሲያርፍ በቤተሰቡ እጅ የሚቀረው ማስረጃ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። የሮጠባቸው ጥቂት ዓመታት በጋዜጣ ቁራጭ፣ በሜዳሊያ፣ በውጤት ወረቀትና በደረት ቁጥር ተመዝግበው ይገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ በባልነትና በአባትነት የኖረባቸው ብዙ ዐሥርት ዓመታት ግን ይህ ነው የሚባል ሰነድ አይተዉም። ታሞ ያደረ ልጁን ሌሊቱን ሙሉ ለጠበቀ አባት ሰዓት የሚይዝለት ዳኛም ሆነ ስሙን የሚያትምለት ጋዜጣ የለም። በዚህ ምክንያት የመታሰቢያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ድርጅት የተሰጠውን ብቻ አሳምሮ ካተመ፣ የሚወጣው መጽሐፍ ስለ አንድ ብርቱ ወጣት የሚናገር ይሆናል እንጂ ቤተሰቡ ስላጣው ሰው የሚናገር አይሆንም። አባታችን ካረፉ በኋላ የተጠቀምንበትን አገልግሎት ከሁሉ አስቀድሜ የምመዝነው፣ ሰነድ የሌለውን የሕይወታቸውን ክፍል ፈልጎ በማግኘቱ ወይም ባለማግኘቱ ነው። በአብዛኛው አግኝቶታል፤ ያመለጠውም አለ።

አባታችን በወጣትነታቸው የ3000 ሜትር መሰናክል ሯጭ፣ ቀጥሎም የስፖርት መምህር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤታቸውን አጥብቀው የሚወዱ ባል፣ አባትና አያት ነበሩ። ድርጅቱ ፎቶግራፎችን፣ የጋዜጣ ቁራጮችን፣ ደብዳቤዎችንና የፊልም ጥቅሎችን ተረክቦ ወደ ዲጂታል ይገለብጣል፤ የቤተሰቡን አባላት ድምፃቸውን እየቀረጸ ያነጋግራል፤ ከዚያም ጽሑፉን አዘጋጅቶ፣ ገጾቹን አቀናብሮ፣ አሳትሞና ጠርዞ ያስረክባል። ስሙን አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ብዙዎች ስለሆኑ እዚህ የምለው ሌላውንም ለመመዘን ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

የአገልግሎቱ ትልቁ ሀብት ቃለ መጠይቁ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው «አባትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ለማንኛውም ሟች የሚሆን ነው፤ ደግ ነበሩ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ፣ ሥራቸውን ወዳድ ነበሩ ይላል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሰውየው በውስጡ የሉም። የመጽሐፉ አዘጋጅ የሆነችው ወጣት ይህን አስቀድማ የተረዳች ስለነበረች ጥያቄዎቿን ሁሉ ወደሚታይና ወደሚዳሰስ ነገር አወረደቻቸው። ከሥራ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምን ነበር? ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር ወይስ ዝቅ? ደረጃ ሲወጡ አንድ በአንድ ነበር ወይስ ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ? ከእናንተ መካከል አረማመዳቸውን የወረሰው ማን ነው? በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ሁላችንም ሳንነጋገር ወደ ታናሽ እህታችን ዞርን፤ እሷም እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ነግሯት እንደማያውቅ ተናገረች።

እናታችን በመጀመሪያው ቀን መናገር አልፈለጉም ነበር። አዘጋጇ አልወተወተቻቸውም። ፎቶግራፎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «ይህን ያነሳው ማን ነው?» እያለች ብቻ ትጠይቃቸው ጀመር። ጥያቄው ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለ ፎቶው በመሆኑ ለመመለስ የሚከብድ አልነበረም፤ ከፎቶ አንሺው ወደ ቀኑ፣ ከቀኑ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ሰውየው ደረሱ። አባታችን ውድድር ካቆሙ በኋላም ማለዳ መሮጥ አልተዉም ነበርና፣ ሲመለሱ ቤተሰቡን እንዳይቀሰቅሱ ጫማቸውን ውጭ አውልቀው በካልሲ ይገቡ እንደነበር እናታችን አወሩ። «ጫማቸውን ሊፈቱ ሲያጎነብሱ የግራ ጉልበታቸው ቋ ይል ነበር፤ እኔ በዚያ እነቃለሁ። እሳቸው እንደተኛሁ ያስባሉ፤ እኔም ነቅቻለሁ ብዬ ነግሬያቸው አላውቅም» አሉ። ይህ ቃል በመጽሐፉ ውስጥ እንደተነገረ ገብቷል፤ ማንም ሊያስጌጠው አልሞከረም። የድምፅ ቅጂውም ሳይቆራረጥ፣ ዝም ያሉባቸው ቦታዎች ሳይቀሩ ለብቻው ተሰጥቶናል።

ሌላው የማመሰግነው ነገር የማይስማሙ ትዝታዎችን ለማስታረቅ አለመሞከራቸው ነው። ታላቅ ወንድማችን የሚያስታውሳቸው አባት ጥብቅ ናቸው፤ ሰዓት ያላከበረ ልጅ ከእሳቸው ጋር አይወጣም ነበር። ታናሽ እህታችን የምታስታውሳቸው አባት ግን እሷ ጫማዋን አስራ እስክትጨርስ በር ላይ ቆመው የሚጠብቁና የሚያፏጩ ናቸው። በሁለቱ መካከል ብዙ ዓመት አለ፤ ሰው በልጆቹ መካከልም ይለወጣል። የልጅ ልጃቸው ደግሞ አያቱ በሩጫ አንድ ቀን እንኳ አውቀው ተሸንፈውለት እንደማያውቁ፣ በኋላ በእውነት ሲያሸንፋቸው ግን ከእሱ ይልቅ እሳቸው እንደተደሰቱ ተናግሯል። አዘጋጇ እነዚህን ቃሎች ጎን ለጎን አስቀምጣ አንባቢው ራሱ እንዲያገናኛቸው ትታዋለች። ብዙ የመታሰቢያ ጽሑፎች ሟቹን ከልደት እስከ ሞት አንድ ዓይነት ሰው አድርገው ስለሚያቀርቡት ይህ ውሳኔ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የበለጠው ግኝት ግን የበሩ መቃን ነው። በወንዶች የ3000 ሜትር መሰናክል ውድድር ሯጩ 28 ጊዜ ደረቁን መሰናክል፣ 7 ጊዜ ደግሞ የውሃውን ይሻገራል፤ የመሰናክሉ ቁመት 91.4 ሴንቲ ሜትር ነው። አባታችን በመኝታ ቤቱ በር መቃን ላይ ልክ በዚያ ከፍታ በቢላዋ አንድ አግድም መስመር ጭረው ነበር፤ የእያንዳንዳችን ቁመት መስመሩን ባለፈበት ቀንም ስማችንንና ዕለቱን በእርሳስ ይጽፉ ነበር። ከዚያ በላይ ለክተውን አያውቁም። ልጅ ይህን ቁመት የሚደርሰው ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው ጊዜ ነውና ማናችንም ቀኑን አናስታውሰውም፤ እናታችን በቃለ መጠይቁ መካከል ባያነሱት ኖሮ መስመሩን የእንጨት ጉዳት አድርገን እንዳየነው ይቀር ነበር። ስለ አባትነታቸው በገዛ እጃቸው የጻፉት ብቸኛው ሰነድ ይህ ሆኖ ተገኘ፤ የለኩንም በሩጫቸው መለኪያ ነበር።

ድርጅቱ ይህን ሲሰማ ፎቶ አንሺ ላከ። ፎቶ አንሺው መብራቱን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ከእንጨቱ ጋር ሊነካካ እስኪቃረብ ድረስ ዝቅ አድርጎ ስላበራው፣ በዓይን ለማንበብ የሚያስቸግረው የእርሳስ ጽሑፍና የቢላዋው ጭረት ጎልተው ወጡ። ሥዕሉ በሁለት ገጽ ላይ በትክክለኛው መጠኑ ታትሟል፤ መስመሩ ላይ ጣትን ማሳረፍ ይቻላል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ቁመቱን ብቻ ይናገራል። በጥራዙ ውስጥ ካሉት ገጾች ሁሉ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

የጽሑፉ የመጀመሪያ ረቂቅ ግን በዚህ ደረጃ ላይ አልነበረም። አባታችን ውድድር ያቆሙት የተረከዛቸው ጅማት በመጎዳቱ ነው፤ ረቂቁ ይህን ሲተርክ «ሕልማቸው በአጭሩ ተቀጨ» ብሎ ነበር። እናታችን ሲነበብላቸው ሰምተው «በአጭሩ የተቀጨ ነገር የለም፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ነው የኖሩት» አሉ። አዘጋጇ ሳትከራከር ምዕራፉን እንደገና ጻፈችው፤ አሁን ጉዳቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፎ ወደ ማስተማር ሥራቸውና ወደ ትዳራቸው ይሻገራል። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ስለ ስፖርተኞች ሲጻፍ በቀላሉ የሚመጣ መሆኑን እረዳለሁ፤ ነገር ግን አንድን ሰው ባልሆነለት ነገር እያስታወሱ መጨረስ በደል ነው፤ ቤተሰብም ረቂቁን ሲመረምር ከፊደል ግድፈት ይልቅ ይህን ሊፈልግ ይገባል።

በዚያው ረቂቅ ውስጥ ስፖርቱን አለማወቅም ታይቷል። አባታችን በአንድ ውድድር «መሰናክሉን ጥለው አለፉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። የ110 ሜትር መሰናክል ሲገፉት ይወድቃል፤ የ3000 ሜትሩ ግን ከ80 እስከ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከባድ እንጨት በመሆኑ የሚወድቀው ሯጩ ነው እንጂ እሱ አይደለም፤ ሯጭ ረግጦት ቢያልፍም ሕጉ ይፈቅድለታል። እንደዚሁም በጋዜጣው ቁራጭ ላይ ከነጥብ በኋላ በአንድ አኃዝ የተጻፈው ሰዓታቸው በመጽሐፉ ሠንጠረዥ ውስጥ ዜሮ ተጨምሮበት በሁለት አኃዝ ተጽፎ ነበር። በእጅ የተያዘ ሰዓት የሚመዘገበው እስከ ሰከንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ መቶኛው የሚገኘው ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው፤ ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽንም ይህን መሣሪያ እስከ 400 ሜትር ላሉት ውድድሮች የክብረ ወሰን ግዴታ ያደረገው ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የተጨመረችው ዜሮ ትንሽ ብትመስልም ያልተለካን ነገር እንደተለካ ታስመስላለች፤ አባታችን ደግሞ በዚህ ረገድ ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሁለቱም ስሕተቶች ስንነግራቸው ወዲያው ታርመዋል።

ፎቶግራፎቹን የያዙበት ጥንቃቄ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። አንደኛው አልበማችን ገጹ ራሱ የሚያጣብቅ፣ በላዩ ፕላስቲክ የሚሸፈን ዓይነት ነው፤ ይህ አልበም በብዙ ቤት ያለ ሲሆን ሙጫው ከጊዜ ብዛት ፎቶውን የሚበላ መሆኑን ባለሙያዎች ይናገራሉ። ሠራተኞቹ ፎቶዎቹን በጉልበት አልነቀሉም፤ የሚለቀውን በቀጭን ክር ከሥሩ እየለዩ አነሡት፣ የማይለቀውን ደግሞ እዚያው ገጹ ላይ እንዳለ ገለበጡት። ትንንሾቹ ፎቶዎች በኢንች 600 ነጥብ ተገልብጠዋል፤ ይህም በመጽሐፉ ውስጥ እጥፍ ሆነው ቢታተሙ እንኳ ጥራታቸው እንዳይወርድ በቂ ነው። ጥቁርና ነጮቹ ከቀለማሞቹ ይልቅ በደህና ሁኔታ ላይ ተገኝተዋል፤ የቀለም ፎቶ የተሠራበት ቀለም በጨለማ ቢቀመጥም ቀስ በቀስ ስለሚደበዝዝ የኋለኛው ዘመን የቤተሰብ ፎቶዎቻችን ወደ ቀይ አድልተው ነበር፤ እነሱም በልኩ ታርመዋል።

የከፋኝ «ማጽዳት» በሚሉት ሥራ ነው። ከአባታችን የውድድር ፎቶዎች ዝነኛው የውሃውን መሰናክል ዘለው ሲያርፉ የተነሣው ነው፤ አንድ እግራቸው ገና በአየር ላይ ሲሆን ሌላው ውሃውን ሰንጥቆ ፍንጣሪው እስከ ደረታቸው ደርሷል። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ያንን ፍንጣሪ እንደ አቧራ ነጥብ ቆጥሮ አጥፍቶታል። በመጀመሪያው ማሳያ ላይ አባታችን ደረቅ ማሊያ ለብሰው፣ ፊታቸው እንደ ሸክላ ተወልውሎ፣ ምንም እንዳልከበዳቸው ሆነው ታዩ። የግንባራቸው ሽብሽብ ጠፍቷል፤ በቅንድባቸው ላይ የነበረችው ጠባሳ ጠፍታለች። ያረጀን ፎቶ መጠገን ማለት ወረቀቱ ላይ የደረሰውን ጉዳት ማንሳት ነው እንጂ ሰውየው ላይ የነበረውን ማንሳት አይደለም። ተቃውሞአችንን ሲሰሙ ዋናውን ቅጂ መልሰው፣ በወረቀቱ ላይ የነበረውን ስንጥቅ ብቻ በእጅ አርመው አመጡልን። አሁን ውሃው አለ፤ ጠባሳዋም አለች። ነገር ግን እኛ በዓይናችን የምናውቃቸው ልጆቻቸው ባንኖር፣ ወይም ማሳያውን በስልክ መስታወት ላይ በጥድፊያ አይተን አጽድቀነው ቢሆን ኖሮ፣ ያ የተወለወለ ፊት ለልጅ ልጅ ይተላለፍ ነበር።

አንድ ሌላ ፎቶ ደግሞ ከኔጋቲቩ በተገላቢጦሽ ተገልብጦ ነበር። የደረት ቁጥሩ ከርቀት ስለማይነበብ ስሕተቱ አይታወቅም ነበር፤ ያወቀው ወንድሜ ነው። በመም ላይ ሯጮች የሚዞሩት ግራ እጃቸውን ወደ ውስጠኛው ሣር አድርገው ነው፤ በዚያ ፎቶ ላይ ግን ሣሩ በቀኛቸው ነበር።

ስለ ፊልሙ ጥቂት ልቆይ፤ እንዲህ ያለውን ቅርስ ለሚያስገለብጥ ሁሉ ይጠቅማልና። በቤታችን የነበረው ጥቅል ድምፅ የሌለው ሱፐር ኤይት ነው፤ ይህ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቤቱ የገባ የፊልም ዓይነት በተለምዶ የሚቀርጸው በሰከንድ 18 ምስል ነው። የዛሬ ቪዲዮ ግን በሰከንድ 24፣ 25 ወይም 30 ምስል ይሄዳል። አንዱን የፊልም ምስል ለአንዱ የቪዲዮ ምስል አድርገው ዝም ብለው ከገለበጡት፣ በ25 የሚታየው ሰው ከእውነተኛው ፍጥነቱ በ39 በመቶ ያህል በልጦ ይፈጥናል። የድሮ ፊልም ላይ ሰዎች እየተጣደፉ የሚራመዱ የሚመስለን ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ለሌላ ሰው ይህ የሚያስቅ ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለሯጭ ግን እርምጃው ማንነቱ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ የመጣው እንደዚያ ተፋጥኖ ነበር፤ እናታችንም ምክንያቱን ሳያውቁ «እሳቸው እንዲህ አይሮጡም» ብለው ነበር። በሁለተኛው ቅጂ ፍጥነቱ ተስተካክሎ አባታችን ወደ መሰናክሉ ሲቀርቡ እርምጃቸውን የሚያሳጥሩት፣ ከዘለሉም በኋላ ትከሻቸውን ወዲያው የሚያላሉት በግልጽ ይታያል። ከውድድሩ ቀጥሎ በዚያው ጥቅል ላይ፣ ብስክሌት መንዳት የምትማረዋን እህቴን ከኋላ ይዘው ሲሮጡ የሚያሳይ አጭር ክፍል አለ፤ አሯሯጣቸው ያው ነው፤ ትከሻቸው እንኳ ያው ነው። አዘጋጇ ከሁለቱም አንዳንድ ምስል ወስዳ በአንድ ገጽ ላይ አድርጋቸዋለች።

የኅትመቱ ጥራት ጥሩ ነው። ወረቀቱ አሲድ የሌለውና አይ ኤስ ኦ 9706 የተባለውን የዘላቂ ወረቀት ደረጃ የሚያሟላ እንደሆነ በውሉ ላይ ተጽፏል፤ ጋዜጣ ቶሎ ቢጫ የሚሆነው በውስጡ ባለው የእንጨት ንጥረ ነገርና አሲድ ስለሆነ ለዘመናት ሊቀመጥ ለታሰበ መጽሐፍ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጥራዙም በሙጫ ብቻ የተያያዘ ሳይሆን በክር የተሰፋ በመሆኑ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል። የማልስማማው በፎቶዎቹ መግለጫ ላይ ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ፣ ቀለሙም ፈዛዛ ግራጫ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከማንም በላይ ደጋግመው የሚያነቡት አረጋውያን መሆናቸው እየታወቀ፣ ለዓይን ያምራል ተብሎ እናታችን ያለ ማጉያ መነጽር ሊያነቡት የማይችሉትን ጽሑፍ ማተም ከባድ ጉድለት ነው።

ፊልሙንና ድምፁን ለማየት በመጽሐፉ ውስጥ የታተመው የኪው አር ኮድ በድርጅቱ ሰርቨር ላይ የሚመረኮዝ ነው። ድርጅቱ ቢዘጋ ወይም አድራሻውን ቢቀይር ኮዱ ባዶ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ፋይሎቹን በሙሉ፣ ፎቶዎቹን ባልተጨመቀ የቲፍ ቅርጽ፣ በራሳችን ማስቀመጫ እንዲሰጡን ጠየቅን፤ ሰጡንም። ይህ ግን ሲጠየቅ የሚሰጥ ሳይሆን ከመጀመሪያው የውሉ አካል መሆን ነበረበት።

በአቀባበል በኩል አዘጋጇም ሆነች ፎቶ አንሺው ሐዘን ያለበት ቤት እንደገቡ የሚያውቁ ነበሩ፤ ቀጠሮ ስናዛውር አልተጫኑንም። ከኮምፒውተር በራሱ የሚላከው መልእክት ግን ይህን አያውቅም፤ ረቂቁ ሲደርስ ፊኛና የርችት ሥዕል ያለበት «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ለሠርግና ለምረቃ የሚላከው ተመሳሳይ ደብዳቤ መሆኑ ግልጽ ነው። ለለቅሶ ቤት የሚላከውን መለየት አንድ የሥራ ቀን እንኳ የማይወስድ ማስተካከያ ነው፤ ነግረናቸዋል።

አገልግሎቱን እመክራለሁ፤ በተለይ ብዙ ማስረጃ ያለው የሕይወት ዘመንና ምንም ማስረጃ የሌለው የሕይወት ዘመን አጣምሮ ለኖረ ሰው። ነገር ግን የሟቹን ሙያ የሚያውቅ አንድ የቤተሰብ አባል ረቂቁንና እያንዳንዱን ፎቶ በትልቅ የኮምፒውተር መስታወት ላይ ሊመረምር ይገባል፤ ፊልም ካለም በሰከንድ ስንት ምስል እንደተቀረጸና በስንት እንደሚገለበጥ አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኛ ለወንድምና እህቶቼ የሚሆን ተጨማሪ ቅጂ አዝዘናል። በዚህኛው እትም የፎቶ መግለጫዎቹ ፊደል እንዲተልቅና በጥቁር ቀለም እንዲታተም፣ ከልጅ ልጆቻቸው ቃለ መጠይቅ የተቀነሰው ክፍል እንዲመለስ፣ የውድድር ውጤቶቹ ሠንጠረዥም ከመጽሐፉ መግቢያ ተነሥቶ መጨረሻው ላይ እንዲሆን ጠይቀን ድርጅቱ ሦስቱንም ተቀብሎናል።